ካልጋሪን ማን ጠየቃት?

ጠልሀ፦ አላይመንት የሚደረገው መኪና ነው። ቡድን ጎማው የት አለና?

በዛብህ፦ አላይመንት ማን አለህ? ሪአላይመንት ነው ያልኩህ። «ሪ» ስትገባበት ትርጉሙ ሌላ ነው።

ጠልሀ፦ ምን ይሆናል?

በዛብህ፦ «እንደገና» ይሆናል።

ጠልሀ፦ እኮ፣ እንደገና አላይመንት። እኔም ይቺን መኪና እንደገና አስደርጌያት ነበር። ይኸው አሁንም ወደ ግራ ትስባለች።

(መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች። ጠልሀ መሪውን ይመልሳል። በዛብህ መስተዋቱን ወደ ራሱ አዙሮ ከረባቱን ያስተካክላል።)

በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጁላይ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዎች ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ተነስተው በሁለት ሃያ አምስት ሃይዌይ ወደ ሊትልተን እየወረዱ ነበር። ሁለቱም ኤርፖርት ላይ ታክሲ ይነዳሉ፤ ሁለቱም በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ሁለቱም ለዚያን ቀን ሽማግሌ ሆነው ተልከዋል።

በዛብህ ማለት የታክሲ ተራው ራዲዮ ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቀውንም ቢሆን ያስረዳል። የጥርስ ሕመም ይሁን የኢሚግሬሽን ሕግ ወይም የአውሮፕላን ሞተር፣ ጠያቂው ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱ መልሱን ይጀምራል። ጠልሀ ደግሞ ቀልድ ተነግሮ ሰው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሹፌሮቹ ይወዱታል፤ ቀልድ ግን አይነግሩትም።

ላኪያቸው ሱሀይብ ነው፤ እንደነሱው ሹፌር፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ጎልማሳ። ሊትልተን ከአባቷ ጋር የምትኖር ሰሊማ የምትባል ነርስ ወዷል፣ እሷም ወዳዋለች። ያስቸገሩት አባትየው ናቸው። ጋሽ አብዱልቃድር ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ያላቸው አንድ የሻንጣ ሱቅና አንድ ልጅ ነው። ሰሊማም ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላለች።

ከዚህ ቀደም ሽማግሌ ሳይላክ ቀርቶ አይደለም። ሚያዝያ ላይ በጋሽ ሀይለማርያም መሪነት ሦስት ሰዎች ሄደው ነበር። ገና ሻዩ ሳይቀዳ አንደኛው ስለ አገር ቤት አንድ ነገር ጣል አደረገ። ያኔ አብዮቱ ተነሳ፤ ከአብዮቱ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ክልል ተኬደ። ጋሽ አብዱልቃድር ጠረጴዛ መቱ፤ ጋሽ ሀይለማርያምም መቱ። በመጨረሻ አባትየው የሦስቱንም ጫማ በእጃቸው አንስተው በር ላይ ደረደሩላቸው። ሽማግሎቹ እየተብከነከኑ ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው፣ ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሱ ትዝ ያላቸው።

አሁን ደግሞ ጊዜው አጥሯል። ዳላስ ያለ አንድ ሆስፒታል ለሰሊማ ሥራ ሰጥቷት መልሷን በዚሁ ሳምንት ይጠብቃል። ይህም ሽምግልና እንደ ፊተኛው ከሆነ ዳላስ እሄዳለሁ ስትል ለሱሀይብ ነግራዋለች።

ሱሀይብ ሊለምን በዛብህ ዘንድ የመጣው አንድ ምክር ይዞ ነው። ጋሽ አብዱልቃድር የበረዶ ሆኪ እብድ ናቸው አለው፤ የሆኪ ወሬ ያመጣላቸው ሰው ልባቸውን ያገኛል፤ ሌላ ወሬ አይነሳ፣ የአገር ቤት ወሬማ በጭራሽ። በዛብህ የሆኪ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ጨዋታ በሚኖርባቸው ቀኖች ከአዳራሹ በር ላይ ሞቅ ብሏቸው የሚወጡትን ሰዎች ያመላልስ ስለነበር ጉዳዩን ከእነሱ እንደተማረ ይቆጥራል። ስለዚህ ሆኪውን ለእኔ ተወው አለ። ያልገባው ነገር ቢኖር፣ ሱሀይብ ከሹፌሩ ሁሉ መርጦ ጠልሀ አብሮት እንዲሄድ ለምን ድርቅ እንዳለ ነው። ቢጠይቀው ልጁ አቀርቅሮ «ጠልሀ ይሂድ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

በዛብህ የተዘጋጀበት ጽሑፍ አንድ ተሳፋሪ የኋላ ወንበር ላይ ትቶት የወረደ የጋዜጣ ገጽ ነው፤ እሱም ግማሹ ተቀዷል። ሊጉ ለመጪው የውድድር ዘመን ዲቪዚዮኖቹን እንደገና ደልድሏል ይላል።

በዛብህ፦ በግልጽ ተጽፏል እኮ። የኛዋ ኮሎራዶ ከፓሲፊክ ዲቪዚዮን ወጥታ ሰሜን ምዕራብ ዲቪዚዮን ገብታለች። አሁንስ ገባህ?

ጠልሀ፦ አልገባኝም።

በዛብህ፦ አገር ቤት አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የለም? የተሸነፈ አይወርድም? ወረደች ማለት ነው።

ጠልሀ፦ የዛሬ ሁለት ዓመት ዋንጫ በልታ ከተማው ሁሉ ወጥቶ የተቀበላት እሷ አይደለችም?

በዛብህ፦ ዘንድሮስ? በመጀመሪያው ዙር ኤድመንተን አሰናበተቻት። የወረደችው ለዚያ ነው።

ጠልሀ፦ ኤድመንተንስ የት ገባች?

በዛብህ፦ (ጋዜጣውን አይቶ) እሷም እዚያው፣ ሰሜን ምዕራብ።

ጠልሀ፦ ያሸነፈችውም ወረደች?

(መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች።)

በዛብህ፦ አንተ ዝም ብለህ ንዳ።

ቀሪውን መንገድ በዛብህ ዕቅዱን አስረዳ። ቡድኑ የወረደበት ሰው ሐዘንተኛ ነው። ሐዘንተኛ ቤት እንደሚገባ ሰው በዝግታ ይገባል፤ ይጽናናል፤ ሆዱ ሲባባ ያኔ ልጅቷ ትጠየቃለች። የጠልሀ ድርሻ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው። ጠልሀ እሺ አለና እዚያው ልምምድ ጀመረ።

በሩን የከፈቱት ጋሽ አብዱልቃድር ራሳቸው ናቸው። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ከላይ የቡድኑን ወይን ጠጅ ኮፍያ ደፍተዋል። የኮፍያው የሱቅ ወረቀት አልተቆረጠም፤ በክር ተንጠልጥሎ ጆሯቸው ላይ ይወዛወዛል። በዛብህ ልቡ ተነካ። እንዲህ ነው ፍቅር፣ ወረቀቱን እንኳ ለመቁረጥ አልጨከኑም ሲል አሰበ።

ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ በዚያ የጁላይ ሙቀት የራስ ቁር ያጠለቁ ሰዎች በረዶ ላይ ይራወጣሉ። በዛብህ ጨዋታው በቀጥታ የሚተላለፍ መስሎት ፊቱን ኮስተር አድርጎ ማየት ጀመረ። ጠልሀ ቪዲዮ ማጫወቻው ላይ የተቀመጠውን ባዶ የካሴት ማህደር አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ።

ጋሽ አብዱልቃድር ተቀመጡ አሏቸው። በዛብህ በወጉ መሠረት፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አለ። እሳቸውም ለጉዳዩ እንደርስበታለን፣ ጨዋታው ይቅደም፤ እናንተ ቆማችሁ እኔ ደግሞ አልቀመጥም አሉ። በዚህ ምክንያት ሦስቱም ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ቀሩ።

(ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ከግድግዳ ጋር ይላተማል። በዛብህና አብዱልቃድር እኩል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።)

በዛብህ፦ ጋሽ አብዱልቃድር፣ ከሁሉ አስቀድመን፣ በዲቪዚዮኑ ነገር ያጽናዎት።

አብዱልቃድር፦ (ጥቂት አስበው) አሚን። ሁላችንንም ያጽናን።

በዛብህ፦ ከባድ ነው።

አብዱልቃድር፦ ከባድ ነው እንጂ። እኔማ ከሰማሁ ወዲህ እህል በደንብ አልቀመስኩም።

ከዚያ ጋሽ አብዱልቃድር ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰክተው፣ በቃል የተያዘ ትምህርት እንደሚያስደምጥ ተማሪ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፦ ፊት አራት የነበሩት ዲቪዚዮኖች ስድስት ሆኑ፤ የኛዋ ከካልጋሪ፣ ከኤድመንተንና ከቫንኩቨር ጋር ሰሜን ምዕራብ ገባች። እንደጨረሱ ትንፋሽ ወሰዱና ግንባራቸውን ጠረጉ። በዛብህ ይህን ሲሰማ ላብ ላብ አለው። ሰውዬው ጠልቀው ያውቃሉ፤ የጋዜጣው ግማሽ አያዛልቀውም። ወሬውን ወደ ጨዋታው ማዞር ተሻለው።

በዛብህ፦ ተከላካዩ ዛሬ ደከም ብሏል።

አብዱልቃድር፦ እኔም የታዘብኩት እሱን ነው።

በዛብህ፦ ያኛው ግን ይሞክራል።

አብዱልቃድር፦ የትኛው?

በዛብህ፦ ያ፣ ራሱ ላይ ቁር ያደረገው።

(ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቁር አድርጓል።)

አብዱልቃድር፦ አዎ፣ እሱስ ይሞክራል።

ጠልሀ፦ ኳሷ የት ናት?

(በዛብህ ወደ ስክሪኑ ግራ፣ አብዱልቃድር ወደ ቀኝ ይጠቁማሉ። ይተያያሉ። ሁለቱም ጣታቸውን ቀስ እያደረጉ ወደ መሃል ያመጣሉ።)

በዛብህ እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ኖሮ ሁሉም በሰላም ባለቀ። ግን ያን ጋዜጣ ካነበበ ጀምሮ አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ይብላላ ነበር። ሆኪ ብሎ የጀመረው ንባብ፣ አራት የነበረውን ስድስት ማድረግ፣ እነ እገሌን ከነ እገሌ ለይቶ መከለል ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖበታል። ስለ አገር ቤት እንዳያነሳ ቃል ገብቷል። ካልጋሪ ደግሞ አገር ቤት አይደለችም።

በዛብህ፦ እኔን የሚቆጨኝ ምን መሰልዎት ጋሽ አብዱልቃድር? ካርታ ዘርግተው፣ እርሳስ ይዘው፣ ተቀምጠው ጨረሱ። አብሮ የኖረውን ቆራርጠው አዳረሱት። ለመሆኑ ካልጋሪን ማን ጠየቃት?

(አብዱልቃድር ቀስ ብለው ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ያዞራሉ።)

አብዱልቃድር፦ ድሮስ ማን ጠየቃት?

በዛብህ፦ ድሮማ አንድነት ነበር።

አብዱልቃድር፦ አንድነት ይሉታል። ከዚያ ብርድ አገር ሎስ አንጀለስ ድረስ ስትመላለስ ድካሙ የማን ነበር? አሁን ከጎረቤቶቿ ጋር ልሁን ብትል ምን ጥፋት አለው?

በዛብህ፦ እሷ መቼ አለች? ሌሎች ናቸው ስለ እሷ ያሉት።

አብዱልቃድር፦ ስለ እሷ የሚያውቁትማ እርስዎ ነዎት።

ሁለቱም ስለ ካልጋሪ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ብርድ እንዳለ ብቻ ነው። ድምፃቸው ግን ልጅነቱን ስላሳለፈበት መንደር የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። የጋሽ አብዱልቃድር የአንገት ሥር ተነስቷል፤ የበዛብህ እጅ ከረባቱ ላይ ደርሷል። ይህን ጊዜ ጠልሀ ጉሮሮውን ጠረገ።

ጠልሀ፦ ይቅርታ ጋሽ አብዱልቃድር፣ ዴንቨር ባሕር አላት እንዴ?

አብዱልቃድር፦ ምን?

ጠልሀ፦ ፓሲፊክ ውስጥ ነበረች ሲባል ሰምቼ ነው። እኔ ስነዳ ባሕር አላየሁም።

ሁለቱ ተያዩ። ጋሽ አብዱልቃድር ምነው ቻትፊልድ ሐይቅ አለ አይደል፣ እዚሁ ሊትልተን አፍንጫ ሥር አሉ። በዛብህም ይህ ዕድል እንዳያመልጠው ቀበል አድርጎ፣ ሐይቅ ባሕር ሆኖ እንደማይቆጠር፣ ሊጉም አጣሪ ልኮ ባሕር አለመኖሩን ስላረጋገጠ ከፓሲፊክ እንዳስወጣት አስረዳ። ጋሽ አብዱልቃድር ይህን በመስማታቸው ተደስተው፣ እኔም የሆነ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር አሉ። በጠልሀ አለማወቅ ላይ ሁለቱም አዝነው በዚያው ታረቁ።

ሰሊማ ትሪ ይዛ ገባች። ሳምቡሳና የብርቱካን ጭማቂ ነው። ከሥራ የገባች መሆኗ ከነጭ ጫማዋ ያስታውቃል፤ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ማጣት አለ። ትሪውን አስቀምጣ ለሁሉም ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ጠልሀን አንድ ጊዜ አየችው። ጠልሀ ጣሪያውን ያይ ጀመር። የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ የበላም አልነበረም፤ ሳምቡሳው እየቀዘቀዘ ሄደ።

በዛብህ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ ብሎ ከረባቱን ጠበቅ አደረገ። የተዘጋጀ ንግግር ነበረው፤ «ሁለት ቤት አንድ ሲሆን» ብሎ ይጀምራል። አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን ጋሽ አብዱልቃድር ቀደሙት።

አብዱልቃድር፦ ቅድም «ቆራርጠው» ያሉት ቃል ግን ከንክኖኛል።

በዛብህ፦ የትኛው?

አብዱልቃድር፦ ለእርስዎ ቆራርጠው ነው። ለካልጋሪ ግን ራስን ማስተዳደር ይሆናል።

በዛብህ፦ ነገ ደግሞ አልተመቸኝም ብላ ብትወጣስ?

አብዱልቃድር፦ ካልተመቻት መውጣት መብቷ ነው።

በዛብህ፦ እስከ መገንጠል?

አብዱልቃድር፦ ቫንኩቨርም ጭምር። እስከ መገንጠል።

ጠልሀ፦ ስንት ለስንት ናቸው?

(የሚሰማው የለም። በዛብህ ከረባቱን ይፈታል። አብዱልቃድር ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።)

በዛብህ፦ እኔ የምልህ፣ አንተን የመሰለ ትልቅ ሰው እንዲህ ይላል?

ይህ «አንተ» ከበዛብህ አፍ የወጣው ሳያስበው ነው። ከወጣ በኋላ ሰማው፤ ሊመልሰው ፈልጎ አልመለስ አለው። ጋሽ አብዱልቃድር በሃያ ዓመት ይበልጡታል። ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ በዝግታ ወደ በሩ፣ ጫማዎቹ ወዳሉበት አዩ። የማእድ ቤቱ በር ላይ ሰሊማ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። አላለቀሰችም። የሚሆነውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነበር የምታየው፤ በዛብህ ያን ፊት ሲያይ የተላከበትን ነገር፣ ሱሀይብን፣ ሳምንቱን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስታወሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስረዳው ነገር አጣ።

ጠልሀ ሁለቱ መሃል ገብቶ ቆመ።

ጠልሀ፦ ጋሽ አብዱልቃድር፣ ቫንኩቨር ትገንጠልም አትገንጠልም እኛ የመጣነው ለሌላ ነው። ሱሀይብ ሰሊማን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። እርስዎ ካልመረቁ አላገባም ብላለች። ከዳላስ ሥራ ተሰጥቷታል፤ ዛሬ እንዳለፈው ከሆነ ትሄዳለች። ስለዚህ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን። ስለ ካልጋሪ ሰርጉ ላይ ትጨርሳላችሁ።

ጋሽ አብዱልቃድር ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ዳላስ የሚባል ነገር መስማታቸው ገና ነው። ወደ ልጃቸው ዞረው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰሊማ እውነት ነው አለች። ለምን አልነገርሽኝም ሲሏት፣ ልነግርዎት ስቀርብ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ሲከራከሩ ነው የማገኝዎት አለቻቸው። ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝቡ በአንድ ነገር ተደስቶ ይጮሃል።

አብዱልቃድር፦ ዳላስ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?

ጠልሀ፦ ቀኑን ሙሉ ይነዳል።

አብዱልቃድር፦ ይሄ ሱሀይብ የሚባለውስ የት ነው የሚኖረው?

ጠልሀ፦ ኦሮራ። እኛ ስንመጣ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ያውም ወደ ግራ በምትስብ መኪና።

አብዱልቃድር፦ ለምሳ የሚደረስበት ነው።

ከዚያ ተነስተው ሰሊማን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ወደ እንግዶቹ ዞረው አሁን ተቀመጡ አሉ፤ ሁለቱም ተቀመጡ። ፋቲሃ ሲደረግ ጋሽ አብዱልቃድርና ጠልሀ እጃቸውን ዘረጉ። በዛብህ አንገቱ ላይ ያሰረውን ማተብ ከሸሚዙ ሥር እየዳበሰ ጥቂት ካመነታ በኋላ እሱም ዘረጋ፤ አሚኑንም ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ አለ። ስለዚያ «አንተ» ይቅርታ ሲጠይቅ ጋሽ አብዱልቃድር ሳምቡሳ እያቀረቡለት ብላ፣ አሁን ዘመድ ሆነናል አሉት። ሳምቡሳው ቀዝቅዞ ነበር። ሁሉንም ጨረሱት።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ከተራሮቹ በላይ ገና ከፍ ብላ ነበር። ሃይዌይ ላይ ሲወጡ የበዛብህ ነፍስ ቀስ በቀስ ተመለሰች፤ ነፍሱ ስትመለስ ደግሞ ምላሱም ተመለሰ።

በዛብህ፦ አየህ እንዴት እንዳመጣኋቸው? መጀመሪያ በማጽናናት ገባሁ። ከዚያ በክርክር አሞቅኋቸው። ሰው ካልሞቀ አይቀልጥም። አንተ ያን ንግግር የተናገርከው ልክ በደረሱ ሰዓት ስለሆነ ነው የሰመረልህ።

ጠልሀ፦ እሺ።

በዛብህ፦ በሆኪ ባልይዛቸው ኖሮ በሩን አይከፍቱልንም ነበር።

ጠልሀ፦ ሆኪ አያውቁም እኮ።

በዛብህ፦ ማ?

ጠልሀ፦ ጋሽ አብዱልቃድር። እስካለፈው ሳምንት ሆኪ የሚባል ነገር መኖሩንም በቅጡ አያውቁም ነበር። ሰሊማ ናት፣ ሽማግሎቹ የሆኪ እብድ ናቸው፣ ሌላ ወሬ አይወዱም ያለቻቸው። ዲቪዚዮኑንም በቃል ያስጠናቻቸው እሷ ናት።

(በዛብህ ወደ ጠልሀ ይዞራል። ጠልሀ መንገዱን ያያል።)

በዛብህ፦ ለእኛ ደግሞ በሱሀይብ አፍ እሳቸው እብድ ናቸው አስባለች።

ጠልሀ፦ ሁለታችሁም የማታውቁትን ስታወሩ ለመጣላት ጊዜ አታገኙም ብላ ነው። ዘንድሮ ሆኪም ውስጥ ክልል እንደገባ ግን ልብ አላለችም።

በዛብህ መስኮቱን ከፍቶ ትንሽ ንፋስ ተቀበለ። ባሕሩ፣ ኳሷ፣ ስንት ለስንት የተባለው፣ አንድ በአንድ በልቡ ይዞሩ ጀመር።

በዛብህ፦ አንተስ? አንተ ለምን ተላክህ?

ጠልሀ፦ ወሬው ወደ አገር ቤት ሲያጋድል የጅል ጥያቄ እንድጠይቅ። ሰሊማ ለሱሀይብ፣ ቢጠይቅ ማንም የማይጠረጥረውን ሰው ላክልኝ ብላዋለች።

በዛብህ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ፣ ስንመጣ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለህ ሰማኸኝ? ምነው ለእኔ ብትነግረኝ?

ጠልሀ፦ ብነግርህ መልሰህ ታስረዳኝ ነበር።